ጥሩነሽ ሳትመጣ ጽዋው አይነሳም

ከርከዴ ሲፈላ የሚወጣውን ሽታ ያላሸተተ ሰው ካርቱም ኖሬያለሁ ቢለኝ አላምነውም። ጎምዘዝ ያለ፣ አፍንጫ ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ገና ሳይቀመስ ምራቅ የሚያስውጥ ሽታ ነው። ዛሬ ጁማ ነው፤ ኅዳር ሚካኤል የዋለበት ሳምንት ጁማ። ከጠዋት ጀምሬ እዚህ ቡሪ፣ አከራዬ ሐጃ ነፊሳ ግቢ ውስጥ፣ ከሰል ላይ አንድ ድስት ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ ሻይ፣ ጥጄ በሩን በሩን አያለሁ። የምጠብቀው አንድ ሰው ነው፤ ጥሩነሽን። ጥሩነሽ ከኦምዱርማን ተነስታ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ስንቱን ኬላ አልፋ፣ ያለ ኢቃማ ልትመጣ ነው። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃዱ ወረቀት ነው፤ እሱ የሌለው ሰው ዛሬ እዚህ አገር እንደ ሰው አይቆጠርም። ትናንት አንድ የታክሲ ሹፌር በር አንኳኩቶ፣ «ጥሩነሽ ጁማ ለማኅበር እመጣለሁ፣ ጽዋውን እቀበላለሁ ብላለች» አለኝ። «ኧረ በስመ አብ! አትምጣ በላት!» ብዬ ጮህኩበት። «እኔ ወደዚያ አልመለስም፣ ያ ኡም ሳራ፤ ኢንሻላህ ኸይር ነው» ብሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ኡም ሳራ ያለኝ የሳራ እናት ስለሆንኩ ነው፤ ስሜስ ወርቄ ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ልቤ እንደተንጠለጠለ አለ።

ድሮ ሱዳኖቹ «ሀበሺያ» ይሉን ነበር፤ ሲቆጡንም ሲያቆላምጡንም በዚያው ስም ነው። አሁን ግን «አጃኒብ» ሆነናል፤ ባዕዳን ማለታቸው ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ወረቀት የሌለው ባዕድ መንገድ ላይ ከተገኘ ይታፈስና በጭነት መኪና ወደ ድንበር ይወሰዳል፤ ከመወሰዱ በፊት የት እንደሚታደር፣ ምን እንደሚደርስበት ባልናገር ይሻለኛል። የኔ ኢቃማ ካስቀመጥኩባት ሳጥን ጋር ተዘርፏል። የጥሩነሽ ደግሞ ጊዜው ካለፈ ስንት ዘመኑ! ውጊያው ቡሪ ሲገባ እኔና ሐጃ ነፊሳ ወደ ገዳሪፍ ሸሽተን ነበር፤ ሐጃ «ከቤቴ ውጪ አልሞትም» ብለው ሲነሱ፣ ብቻቸውን እንዴት ልልቀቃቸው፣ ተከትያቸው መጣሁ። ጣሪያው ግማሹ የለም፤ በሩ አለ። ሰማዩ ላይ አልፎ አልፎ አንድ ነገር ያጉረመርማል፤ ያን ጊዜ ሁለታችንም እጃችን ላይ የያዝነውን ይዘን ግድግዳው ሥር እንጠጋለን። ማኅበርተኞቻችን ከፊሉ ካይሮ፣ ከፊሉ ፖርት ሱዳን፣ ከፊሉ አገር ቤት ተበተነ። ካርቱም ውስጥ የቀረነው እኔና ጥሩነሽ ብቻ ነን።

እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ ፀጉሬ ጥቁር ነበር። መጀመሪያ የተቀጠርኩት አል-ማንሺያ ነው፤ ዓባይ ዳር፣ አጥሩ ላይ ሐምራዊ አበባ የተንዠረገገበት ፎቅ ቤት። እመቤቲቱ ደግ ነበረች፤ ደግነቷ ግን ሳምንቱን ሙሉ መወልወያውን ከእጄ አላስጣለልኝም። ዕረፍቴ ጁማ ብቻ ናት። ጁማ ሲነጋ ሳሙና የበላው እጄን ቫዝሊን ቀብቼ፣ ሰማያዊ ባለአበባ ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን ከሥር፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ቶብ ከላይ አድርጌ እወጣ ነበር፤ የነጠላዬ ጥለት መንገድ ላይ እንዳይታይ ብዬ ነው። ከዚያ ወደ አገሬ ልጆች ለመሄድ ሀፍላ፣ ሚኒባሱን ማለቴ ነው፣ እሳፈራለሁ። ረዳቱ አይናገርም፤ ጣቱን ቋ ቋ ሲያደርግ ሁሉም ሳንቲሙን ያቀብላል። ሹፌሩ የሱዳን ዘፈን ከፍቶ፣ ቫዮሊኑና አኮርዲዮኑ ሲቀባበሉ፣ ቃሉ ባይገባንም ዜማው የኛው ይመስል ነበር። ሀበሾች መሆናችንን ካየማ ካሴቱን አውጥቶ የአማርኛ ያስገባልናል፤ «ያላ፣ ለሀበሻ!» ብሎ በመስታወቱ ይስቅብናል። ማታ ስንመለስ ቡሪ ጥግ ላይ፣ ያቺ ትልቅ ኒም ዛፍ ሥር ካለው ፉል ሻጭ ዘንድ በጥቂት ሳንቲም ፉል በዳቦ ገዝተን፣ ለመንገድም ይተርፈን ነበር። አሁን ያንኑ ፉል ለመግዛት ብር በፌስታል ሞልቶ መሄድ ነው፤ እሱም ፉል ሻጩ ካለ። ኒሟ ግን አለች፤ ቅርንጫፏ ተመትቶ ተጋድሞ፣ ከሥሯ ቅጠል አውጥታለች።

ማኅበራችን ታዲያ በጁማ ሆነ። ሚካኤል በገባ በአሥራ ሁለት ነው፤ አሥራ ሁለት ማክሰኞ ቢውል የማንሺያ እመቤት ምን ገዷት! ስለዚህ ለሚካኤል የቀረበው ጁማ የኛ ሚካኤል ሆነ። ጁማ ደግሞ ያው ዓርብ ነው፤ ጾም። ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓመት እስከ ዓመት ቅቤ የማይሸተው ማኅበር የኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ምስር፣ ሽሮ፣ ድፎ ዳቦ፤ አለቀ። ልጄ ሳራማ እዚሁ ተወልዳ ሰንበት ማለት ጁማ እየመሰላት ነው ያደገችው። አንድ ቀን ጋሽ ገብሬ፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ «ጌታችን የተነሣው በምን ቀን ነው?» ብለው ቢጠይቋት፣ «በጁማ! ዕረፍቱ ስለሆነ!» አለቻቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ገብሬ ግን አልሳቁም፤ «ልጄ፣ በጁማስ ሰቀሉት» አሏት። ሳራ አለቀሰች። እሳቸውም ደንግጠው ከኪሳቸው ከረሜላ ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ አላረፉም።

ጋሽ ገብሬ አገር ቤት ድቁና ተቀብለው የተማሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ ግን ማንሺያ የአንድ ሀብታም በር ጠባቂ ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ ለሰው መኪና በር ሲከፍቱ ሲዘጉ ይሰነብታሉ፤ ጁማ ነጠላቸውን አጣፍተው መልክአ ሚካኤል ሲደግሙ ደግሞ ያ በረኛ የት ገባ ያሰኛሉ። ጽዋውን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ከአገር የመጣው የሸክላ ጽዋ መተማ ላይ ተሰብሮ ነበር፤ ኦምዱርማን ገበያ መዳብ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄደው ክዳን ያለው ጽዋ አዘዙ። ቀጥቃጩ የስኳር ዕቃ መስሎት ክዳኑ ላይ የማንኪያ መግቢያ ቀዳዳ አበጅቶ ጠበቃቸው! ተናደዱ፣ ተጨቃጨቁ፣ በመጨረሻ ይዘውት መጡ። ከዚያ ወዲህ በዚያች ቀዳዳ ዝንብ እንዳይገባ ጨርቅ እየወተፍን ነው ስንጠጣበት የኖርነው። ጠላ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። በዚያ ዘመን ጠላ ጠምቆ የተገኘ ሰው ጅራፍ ነበር የሚጠብቀው። ስለዚህ የሚካኤል ጽዋ በከርከዴ ሞላ። መጀመሪያ ብዙ ክርክር ነበር፤ «ይሄ የሱቅ መጠጥ እንዴት ጽዋ ይሆናል?» ያለም ነበር። ቀዩን ሲያዩት ግን ክርክሩ ቆመ።

ግቢው የሐጃ ነፊሳ ነው። እኔ ማንሺያን ትቼ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በርበሬና ሽሮ የምሸጥባት ሱቅ ስከፍት፣ እሳቸው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ባል የሞተባቸው፣ ቁጡ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት ናቸው፤ ምን አለፋችሁ፣ እኔኑ ናቸው። በየወሩ ጁማ ነጠላ የለበሰ ሁሉ ሲሰበሰብ አይተው ያስወጡኛል ብዬ ስፈራ፣ የገመድ አልጋቸውን ጥላ ሥር አውጥተው «ሽማግሌው እዚህ ይቀመጥ፤ መሬት ላይ ምን አስቀመጠው?» አሉ። ከዚያ በኋላ ማኅበር በደረሰ ቁጥር እሳቸው ከጁማ ሰላት ተመልሰው፣ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ያዩናል። አማርኛ እንዲለምዱ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር። «ወዲያ! የእናንተ ቋንቋ የወፍ ጫጫታ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ወፍ አልሆንም» ይሉኛል። እስከ ዛሬ በአማርኛ አንድ ቃል ሲተነፍሱ ሰምቼ አላውቅም።

ጥሩነሽ! ጥሩነሽ ስትመጣ ገና ልጅ እግር ነበረች፤ ቀጭን፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማትችል። ሰዓት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ማኅበሩ ተሰብስቦ፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ምስሩ ቀዝቅዞ እሷ የለችም። ኋላ ነጠላ ጫማዋን እያንሿቀቀች ትደርስና ገና ከበሩ ውጪ ሆና፣ በዚያ በቀጭን ድምፅዋ፣ «ጠጣችሁ እንዴ?» ብላ ትጮሃለች። እኛም ተቀባብለን «አንቺ ሳትመጪ!» እንላታለን። በየወሩ ይኸው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ለምዶታል። ጋሽ ገብሬ «ይቺ ልጅ መንግሥተ ሰማያትም የምትደርሰው በር ሊዘጋ ሲል ነው» እያሉ ይቆጧት ነበር። እሷ ግን የማትመለስ ናት፤ «ጋሼ፣ በሩን የሚጠብቁት እርስዎ ከሆኑ ምን አስቸኮለኝ?» ትላቸዋለች።

አንድ ጊዜ ደግሞ ጸሎቱን አድርሰን ስንጨርስ፣ «እትዬ ወርቄ፣ አንድ ነገር ገርሞሽ ያውቃል?» አለችኝ። «ምን?» አልኳት። «እኛ ዕድሜ ልካችንን ስንሄድ ነው የምንኖረው። ከመተማ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም፤ ግማሹ ሊቢያ፣ ግማሹ ካይሮ። መንግሥተ ሰማያትንም እንዲሁ የምንሄድበት አገር አድርገናታል። አባታችን ሆይ ስንል ግን መንግሥትህ ትምጣ ነው የምንለው እንጂ ውሰደን አንልም። ቡሪ ድረስ ትምጣልን እያልን ነው እኮ!» ብላ ሳቀች። እኔ ያን ጊዜ «ዝም በይ፣ ሽሮው እያረረ ነው» ብያት አለፍኩ።

እውነቱን ለመናገር መንግሥተ ሰማያት ለኔ ሁልጊዜ የምታስፈራኝ ነገር ናት። ሰው ሲሞት ስሰማ፣ ወይም ሌሊት እንቅልፍ ሲጠፋኝ፣ የማየው አንድ በር ነው። በሩ ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ጀርባ ዩኒፎርም የለበሰ አለ፤ እጁን ዘርግቶ «ኢቃማ?» ይለኛል። ሞት ይርሳኝ፣ ሳቁብኝ! ግን ምን ላድርግ? ይህን ያህል ዘመን በሰው አገር በሰው ፈቃድ የኖረች ሴት ሌላ ምን ታያለች? ማንሺያ ስኖር በእመቤቲቱ ስም ነበርኩ፤ ሱቁ በሌላ ሰው ስም ነበር፤ ቤቱ የሐጃ ነው። የእግዚአብሔር መንግሥት ደግሞ አንድ ተጨማሪ አገር ትሆንብኛለች፤ እዚያም እንግዳ ሆኜ፣ እዚያም ማንነቴን ላስረዳ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም፤ ለጥሩነሽ ነው የነገርኳት። አልሳቀችም። «እኔም እሱኑ ነው የማየው» አለችኝ።

ያቺን ጁማ ልንገራችሁ። ጁማዋ ደርሳ፣ ሁሉም ተሰብስቦ፣ ጥሩነሽ የለችም። ያው ልማዷ ነው ብለን ተቀመጥን። ጥላው ከግድግዳው ወርዶ ግቢውን ሞላው፤ አሁንም የለችም። ከዚያ አንዷ እየሮጠች መጥታ «ከሻ! ገበያው ውስጥ ከሻ ነበር!» አለች። ከሻ ማለት አፈሳ ነው፤ ፖሊስ መንገዱን በሁለት በኩል ይዘጋና ሀበሻ የሆነውን ሁሉ መኪና ላይ ይጭናል። በቃ፣ ሁላችንም አወቅነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስንም፤ የደከመው ደክሞታል፤ ለሥራ የሚመለሱ አሉ። ከወንዶቹ አንዱ፣ «እንግዲህ ምን እናደርጋለን፣ ጋሽ ገብሬ፣ ጽዋው ይነሳና እንጸልይላት» አለ። ጋሽ ገብሬ ብድግ ብለው ጽዋውን ያዙ። ሊያነሱት ነው ብዬ ነበር፤ የለም፣ ጨርቁን በቀዳዳው ወትፈው፣ በነጠላቸው ጠቅልለው፣ «ነይ ወርቄ፣ ድስቱን ያዢ» አሉኝ። «ወዴት?» «ወዳለችበት ነዋ!»

እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ አታውቁም። ወረቀት ያለው የሌለውም፣ ድስትና ዳቦ ተሸክመን፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ! ፖሊስ ስናይ ዓይናችንን ሰብረን መንገድ የምንቀይር ሰዎች በገዛ እግራችን! በየእርምጃዬ ድስቱ ውስጥ ያለው ምስር ሲንቦጫረቅ ይሰማኝ ነበር። ሐጃ ነፊሳ ይህን ሲያዩ ቶባቸውን ጠቅልለው ከኋላ ተከተሉን። ጣቢያው በር ስንደርስ መኮንኑ ወጥቶ «ይሄ ምንድን ነው? ሰርግ ነው?» አለ። ሐጃ ሰው ገፍተው ወደ ፊት ወጡና፣ «አንተ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ ጦማቸውን ናቸው። አንዲት ልጅ አንተ ዘንድ ስላለች ውሃ እንኳ በአፋቸው አልዞረም። ሐራም ዐለይክ! የእነሱ ርሃብ በአንገትህ ነው» አሉት። መኮንኑ ሐጃን አየ፤ ድስታችንን አየ፤ ጋሽ ገብሬ ያቀፉትን ጥቅል አየ። «ውስጡ ምንድን ነው?» አለ። ጋሽ ገብሬ ገለጡለት፤ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። «ከርከዴ?» አለ። «ከርከዴ» አሉት። ራሱን ነቀነቀና ወደ ውስጥ ገባ። ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ፣ ጥሩነሽ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ወጣች። ሁላችንንም አየች። ታለቅሳለች ስል፣ «ጠጣችሁ እንዴ?» አለች። ውይ! ያን ዕለት ያለቀስኩትን ለእናቴ ለቅሶ አላለቀስኩም።

ከጣቢያው ማዶ አንድ ኒም ሥር ተቀምጠን ጠጣን። ጋሽ ገብሬ ጽዋውን ይዘው ቆሙና እንዲህ አሉ፦ «ጌታችን በዚያች በመጨረሻዋ ማታ፣ በአባቴ መንግሥት ከእናንተ ጋር አዲሱን እስክጠጣው ድረስ ከእንግዲህ አልጠጣም ብሏል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳነበንበው ኖሬ ትርጉሙ ዛሬ ገባኝ። አልጠጣም ካለ፣ አልጠጣም። እስካሁን ጽዋው እፊቱ ነው። አንዱ ጎድሎበት እየጠበቀ ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው፣ ጥሩነሽ ሹክ ብላቸው ይሁን ከየት ሰምተው አላውቅም፣ «ወርቄ፣ አንቺ በሩ ላይ የሚጠይቅሽን ትፈሪያለሽ። ውስጥ ያለውስ የት ቀረች እያለ ይሆን ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። የመጽሐፍ ሊቃውንት ይህን አፈታት ይቀበሉት እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ የተማርኩ አይደለሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የማኅበሩ ሕግ ሆነ፦ አንድ ሰው ከጎደለ፣ የት እንዳለ ሳይታወቅ፣ ጽዋው አይነሳም። ስንት ጁማ በዚህ የተነሳ ጦማችንን መሽቶብናል መሰላችሁ! የታመመ ካለ ድስቱ ሆስፒታል ይሄዳል፤ እመቤቷ የከለከለቻት ካለች ማንሺያ አጥር ሥር ሄደን በፍርግርጉ በኩል እናቀብላታለን።

ጋሽ ገብሬ ጦርነቱ ሳይመጣ አረፉ፤ እግዜር ይወዳቸዋል። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ውጊያው የተነሳ ጊዜ እኔ ዘንድ ነበር፤ ቀጣይ ተቀባይዋ ጥሩነሽ ነበረች። ስሸሽ ሌላውን ሁሉ ጥዬ እሱን በልብሴ ጠቅልዬ ወጣሁ። ይኸው ይዤው ሄጄ ይዤው ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተጠጣበትም።

ዛሬ ጠዋት ሳራ ከካይሮ ደወለችልኝ። አማርኛዋ ተሰባብሯል፤ ስትናደድ ደግሞ ዐረብኛው ይቀድማታል። «እማ፣ ኸላስ፣ በቃ! አውቶቡስ አለ፤ ሐጃንም አምጪ። ለአንድ ጽዋ ብለሽ ትሞቻለሽ?» አለችኝ። «ጥሩነሽ መንገድ ላይ ናት» አልኳት። እሷንም በልጅነቷ ያዘለቻት ጥሩነሽ ናት። ከዚያ፣ «እማ፣ ቤተ ክርስቲያን አባ ሲያስተምሩ የእግዚአብሔር መንግሥት በልብ ነው አሉ። በልብ ከሆነ ካይሮም ይሆናል። ልብሽን ይዘሽ ነይ፣ ተዓሊ!» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ምን ልበላት? አንዱ በልብ ነው ይላል፤ አንዱ ከሞት በኋላ ነው ይላል፤ ስልኩ ውስጥ ሱፍ ለብሶ የሚጮኸው ሰባኪ ደግሞ ቪዛና መኪና ነው ይላል። «ልጄ፣ በልብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩነሽ እዚያው ኦምዱርማን ሆና በልቧ ትጠጣው ነበር» አልኳት። የሰማችኝ አይመስለኝም፤ መስመሩ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሞቷል።

አሁን ጥላው ከግድግዳው ወርዷል፤ ልክ እንደዚያ ቀን። ከርከዴው ሁለት ጊዜ ሞቆ ሁለት ጊዜ ቀዝቅዟል። አንዴ አንድ መኪና በራችን ጋ ቆመ፤ ነፍሴ ከሥጋዬ ተላቀቀች፤ የወታደር መኪና ነበር፣ ጥቂት ቆይቶ ሄደ። የውሃ ጋሪ የሚነዳው ሰውዬ ሲያልፍ በበሩ ቀዳዳ «ድልድዩ ላይ እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እያፈሱ ነው» አለኝና አህያውን መታ። እያፈሱ ነው! ምነው ባልጠየቅኩት! እያሰብኩ ያለሁት ይሄን ነው፦ በየትኛው ጣቢያ ናት? ድሮ ድስት ተሸክመን የምንሄድ ብዙ ነበርን። አሁን እኔ አንዲት አሮጊት፣ ኢቃማዬ የተዘረፈ፣ ከሐጃ ጋር፣ በዚህ ጉልበት የት እደርሳለሁ? ብወጣና እሷ በሌላ መንገድ ብትመጣስ? ባልወጣና አንድ ቦታ ቁጭ ብላ መንገድ መንገዱን ብታይስ? እጄ ሥራ ፈትቶ የጽዋውን ክዳን ደጋግሜ እወለውላለሁ፤ ያቺ የስኳር ማንኪያ ቀዳዳ ብቻ ታየኛለች።

የመግሪብ፣ የምሽቱ ሰላት፣ አዛን ተሰማ። ሐጃ ለሰላቱ ውዱእ ታጥበው፣ ሰግደው፣ ምንጣፋቸውን አጥፈው አጠገቤ መጡ። ጠዋት አንድ ብርጭቆ ከርከዴ አቅርቤላቸው ነበር፤ እንደተቀመጠ ነው፣ አልነኩትም። «ያ ኡም ሳራ፣ ከንፈርሽ ደርቋል። ጠጪ፤ አላህ አዛኝ ነው፣ ይቅር ይልሻል» አሉኝ። «እርስዎስ ለምን አልጠጡም?» አልኳቸው። የገመድ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ጨለማው ከበሩ በኩል እየገባ ነው። እኔም በልቤ፣ ጌታ ሆይ፣ በሩ ላይ ኢቃማ ይጠይቁኝ፣ ግድ የለም፣ ይመልሱኝም፤ ይቺን ልጅ ብቻ አምጣልኝ አልኩ። ደግሞም፣ ጋሽ ገብሬ እንዳሉት ከሆነ፣ አንተም አሁን እንደኔ በር በር እያየህ ከሆነ፣ ይሄ ጭንቀት ምን እንደሆነ አንተው ታውቀዋለህ አልኩት። እንዲህ ብዬ ጸልዬ አላውቅም፤ ተቆጥቼ ነበር መሰለኝ።

ያን ጊዜ በሩ ተደበደበ። ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ነው የተመታው። ሐጃ አፌን በመዳፋቸው ከደኑና «ውስጥ ግቢ!» ብለው ወደ ክፍሌ ገፉኝ፤ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩና እኔ መካከል ቆሙ። እኔ ግን አልገባሁም። ወታደር ከሆነ ጽዋውን የት ልደብቀው እያልኩ ደረቴ ላይ አጣብቄ ይዤዋለሁ። እንደገና ተደበደበ። ቀጥሎ ከበሩ ውጪ፣ የሚያለከልክ፣ አቧራ የዋጠው፣ ግን ያው ቀጭን ድምፅ፦

«ጠጣችሁ እንዴ?»

አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣም። ሐጃ ነፊሳ ዞረው አዩኝ፤ ከኔ መልስ እንደማይወጣ ሲያውቁ ምርኩዛቸውን ጥለው ወደ በሩ እየተጎተቱ፣ ይህን ሁሉ ዘመን በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ሲሰሙት በኖሩት በዚያ በወፍ ጫጫታ፣ ባላቸው ኃይል ሁሉ ጮኹ፦

«አንቺ ሳትመጪ!»